ክርክር፦ ለትንሽ ሱቅ በልኩ የተሠራ ኤክሴል ያስፈልጋል ወይስ ደብተር ይበቃል?

አስተባባሪ፦
የዛሬው መከራከሪያችን ይህ ነው። በርካታ ወጣቶች ለሱቅ፣ ለካፌ፣ ለመለዋወጫ መደብር በኤክሴል ወይም በጉግል ሺት ፋይል እየሠሩ ይሸጣሉ። ሽያጩ ሲገባ ዕቃው ራሱ ከመጋዘን ይቀነሳል፤ ዱቤውም ይደመራል። ዳሽቦርድ የሚሉት ገጽ ደግሞ የቀኑን ሽያጭና ትርፍ በሥዕል ያሳያል። ትንሽ ነጋዴ ለዚህ ገንዘብ ያውጣ ወይስ ደብተሩ ይበቃዋል? ስድብም ማስታወቂያም ክልክል ነው።

ሸማ ተራ፦
ደብተር ይበቃል። ዱቤ የሚወስድ ሰው ደብተሬ ላይ ይፈርምልኛል። ነገ ቢክድ ፊርማውን አሳየዋለሁ። እናንተ ኮምፒውተር ላይ ማንን ልታስፈርሙ ነው?

ፎርሙላ፦
ጋሼ፣ በፊርማው ልክ ነዎት። እሱን አይተዉት። ስለ ዋጋ ግን ልጠይቅዎት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሬውን ለገበያ ሲለቀው፣ ስንቱ ነጋዴ በድሮው መግዣ ላይ ትርፍ ጨምሮ ሸጦ ዕቃውን መልሶ መግዛት አቃተው? ያተረፈ መስሎት ካፒታሉን ነው የበላው። ፋይሉ ላይ “መተኪያ ዋጋ”፣ ማለትም ዕቃውን ዛሬ መልሶ ለመግዛት የሚያስፈልገው ዋጋ፣ የምትል አምድ ብትኖር፣ ከመተኪያው በታች የሚሸጠው ዕቃ ሁሉ ቀይ ሆኖ ይታያል።

ሸማ ተራ፦
እኔ አስመጪው ጋ ደውዬ ነው ያወቅኩት። ቀይም አረንጓዴም አላስፈለገኝም።

ፎርሙላ፦
ለአስር ዓይነት ዕቃ ይደወላል። መለዋወጫ የሚሸጠውስ ለእያንዳንዱ ብሎን ይደውል?

ኦዲተሯ፦
እኔ ከሁለታችሁም ጋር አይደለሁም። እነዚህን ፋይሎች ተቀብዬ ግብር የማዘጋጀው እኔ ነኝ። ገንዘብ ተቀባይዋ “1500” በማለት ፈንታ “1500 ብር” ብላ ትጽፋለች። ኤክሴል ይህን ቁጥር ነው አይልም፣ እንደ ቃል ይይዘዋል። ድምሩ ውስጥ አይገባም፤ ማስጠንቀቂያም የለም። ዳሽቦርዱ ግን እንደተለመደው አምሮ ይታያል።

ቀኑንማ ተዉት። ጥቅምት 30 ቀን 2017ን 30/2/2017 ብላችሁ ጻፉ እስቲ። ኤክሴል የሚቆጥረው በፈረንጁ ካላንደር ስለሆነ፣ ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን አያውቅም። እንደ ጽሑፍ ይተወዋል። የ2016ን ጳጉሜን 5 በ5/13/2016 ብታስገቡት ደግሞ፣ ኮምፒውተሩ እንደ አሜሪካኖቹ ወሩን አስቀድሞ የሚያነብ ከሆነ፣ ሜይ 13 ያደርገዋል! በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ተጀምሮ ሰኔ 30 ለሚያልቅ ነጋዴ ይህ ቀልድ አይደለም። የዓመቱ ሒሳብ ሲዘጋ የጠፋውን ቀን የምፈልገው እኔ ነኝ።

ትልልቆቹም አልዳኑም። እ.ኤ.አ. በ2020 እንግሊዝ ውስጥ የኮቪድ ውጤት በአሮጌው የኤክሴል ፎርማት ይሰበሰብ ነበር። ያ ፎርማት ከ65,536 መስመር በላይ አይዝም። 15,841 በበሽታው የተያዙ ሰዎች ከዕለታዊው ሪፖርት ቀርተው በኋላ ነው የተገኙት።

ፎርሙላ፦
ይኼ እኮ የሠሪው ስንፍና ነው። ቀን፣ ወርና ዓመት በሦስት አምድ ይለያያሉ። ወሩ ከዝርዝር ይመረጣል፣ ጳጉሜንም ጭምር። የብሩ አምድ ከቁጥር በቀር እንዳይቀበል ይደረጋል። የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

ኦዲተሯ፦
ያንን አምስት ደቂቃ ያገኘ ፋይል ካለህ ላክልኝ፣ ልይ።

ባለ ካፌ፦
እኔ አሠርቻለሁ። የጠቀመኝን ልናገር። ጁሱ ነው የሚያዋጣኝ ብዬ አስብ ነበር። የአቮካዶው፣ የስኳሩና የሚበላሸው ፍሬ ወጪ ሲገባ ትርፉ ከማኪያቶው በታች ሆኖ ተገኘ። እውነት ለመናገር ደብተሩ ላይ ይህን አላየውም ነበር።

ያናደደኝ ሌላ ነው። ልጁ በማክሮ ሠራው፤ ማክሮ ማለት ቁልፍ ሲነካ ሥራውን በራሱ የሚሠራ ትእዛዝ ነው። በላፕቶፑ ሲያሳየኝ ሁሉም ይሠራል። እኔ ላፕቶፕ የለኝም፤ የስልክ ኤክሴል ደግሞ ማክሮ አያስኬድም። ቁልፉን ብነካው፣ ዝም። ስደውልለት ሌላ ከተማ ሥራ ይዟል። ሺቱ በፓስዎርድ ተቆልፏል፤ ፓስዎርዱ ያለው እሱ ጋ ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ምን አደከማችሁ? እኛ እዚህ ሜሪላንድ ለሱቃችን ኩዊክቡክስ ለሚባለው የሒሳብ ሶፍትዌር በየወሩ እንከፍላለን፣ አለቀ። ሠሪው ጠፋ ብሎ ነገር የለም።

ፎርሙላ፦
በየወሩ በየትኛው ዶላር ካርድ ወንድሜ? ለአንድ ሱቅ የውጭ ምንዛሬ ማን ይፈቅዳል? ኮሌጅ የተማርነው ፒችትሪ የሚባለው የሒሳብ ሶፍትዌርም ለሒሳብ ሠራተኛ እንጂ ለባለ ሱቅ አልተሠራም። (ስሙ ሴጅ 50 ከሆነ ከአስር ዓመት በላይ አልፎታል፤ እኛ ጋ አሁንም ፒችትሪ ነው።)

ሸማ ተራ፦
ዋናውን ማንም አላነሳም። ሁሉን አስገብቼ አንድ ቀን ገቢዎች “ፋይሉን አምጣ” ቢለኝስ?

ኦዲተሯ፦
ጋሼ፣ ስላነሱት ደስ ብሎኛል፤ ብዙ ሰው በሹክሹክታ ነው የሚጠይቀኝ። ደረጃ “ሀ” ግብር ከፋይ ከሆኑ መዝገብ መያዝ ግዴታዎ ነው፤ ኤክሴል ኖረም አልኖረም። ያለ መዝገብ የሚሠራ ሰው ደግሞ ግምት ይመጣበታል። ግምቱ ሲበዛበት በምን ይከራከራል? “እንዲህ አልሸጥኩም” ይላል። ማን ይሰማዋል?

ግን ፋይሉን እንደ ማስረጃ አትቁጠሩት። ኤክሴል ላይ ማንም ገብቶ የትናንቱን ቁጥር መቀየር ይችላል። ማስረጃው ደረሰኙ ነው። ፋይሉ ደረሰኙ የት እንዳለ ይጠቁማል፤ ጥቅሙ እዚያ ላይ ያበቃል። ሁለት ፋይል ሥሩልኝ የሚሉ አሉ፤ አንዱ ለቤት፣ አንዱ ለመንግሥት። እነሱን አልቀበልም።

ፎርሙላ፦
ጉግል ሺት ማን መቼ ምን እንደቀየረ ታሪኩን ይይዛል።

ጠበቃው፦
ጉግል ሺት ካነሳህ አይቀር፣ ስንቶቻችሁ ናችሁ የዱቤ ዝርዝሩን “ሊንኩ ያለው ሁሉ ማየት ይችላል” በሚለው ትታችሁ የምትልኩት? የሰው ስም፣ ስልክና ዕዳ አለበት። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 ወጥቷል። “ትንሽ ሱቅ ነኝ፣ አይነካኝም” ብላችሁ አትተኙ።

ባለ ካፌ፦
የእኔው እንደዚያ ነው። አሁኑኑ ልዝጋው።

ኦዲተሯ፦
እንግዲህ የእኔን አቋም ልናገር። ማሠራት የፈለገ ያሠራ። ግን የመጨረሻውን ክፍያ ገንዘብ ተቀባይዋ ያለ ሠሪው እገዛ አንድ ወር በራሷ ስልክ እስክትሠራበት ድረስ አትክፈሉ። ፓስዎርዱም በመጀመሪያው ቀን የባለቤቱ ይሁን።

ፎርሙላ፦
በፓስዎርዱ እስማማለሁ። እሷ ፎርሙላውን አጥፍታ ብትደውልልኝስ? በነጻ ልጠግን?

ኦዲተሯ፦
ፎርሙላው ያለበትን ቦታ ቆልፈህ ካላስረከብክ ጥፋቱ ያንተ ነው። በዚያ ወር ውስጥ በነጻ። ከዚያ በኋላ አስከፍል፣ ካሽ ሬጅስተር ጠጋኙም ያስከፍላል።

ፎርሙላ፦
ወር በዛ እህቴ። ሁለት ሳምንት።