ባለ 5 ደቂቃ ዘጋቢ ፊልም ለትምህርት ቤት፣ በሁለት ስልክ (ጎንደር)

ጠያቂ፣ 11ኛ ክፍል
ሰላም ለሁላችሁ። አምስት ሆነን ባለ 5 ደቂቃ ዘጋቢ ፊልም በሦስት ሳምንት ውስጥ እንድናስረክብ ታዘናል። ከ50 ነጥብ 15ቱ ለዕቅድ፣ 25ቱ ለፊልሙ፣ 10ሩ ለግምገማ ጽሑፍ ነው። ያለን ሁለት ስልክና ባለ 8 ጊጋ ራም ላፕቶፕ ነው። ርዕሳችን «የጎንደር ታሪክ»፤ የፋሲል ግቢን፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴን፣ ቁስቋምን፣ የፋሲል መዋኛንና ጥምቀትን ልናሳይ አስበናል። ከየት እንጀምር?

ማራኪ
ርዕሱን ከመቀየር። አምስት ነገር በአምስት ደቂቃ ማለት ለአንዱ 60 ሰከንድ ነው፤ መግቢያና መዝጊያ ሲቀነስ 50 እንኳ አይሞላም። የሚወጣው የፖስታ ካርድ ስብስብ ነው። ጥምቀትም ከጥር 10 እና 11 ውጭ አይቀረጽም፤ የሌላ ሰው ቪዲዮ ስትለጥፉ ደግሞ መምህሩ ወዲያው ያውቃል።

አንድ ሰው፣ አንድ ቦታ፣ አንድ ጥያቄ ያዙ። ለምሳሌ አንድ ሸማኔ ድሩን ከሚዘረጋበት ሰዓት ነጠላው ቅዳሜ ገበያ እስኪደርስ ድረስ ምን ምን ይሠራል? ሥራው ራሱ መነሻና መድረሻ ስላለው ታሪኩን ይሸከምላችኋል።

ግቢውን አንተውም ካላችሁ አንድ ሕንፃ ብቻ ምረጡ፣ ዓመተ ምሕረቱንም ተጠንቀቁ። ከተማዋ የተቆረቆረችበት 1636 እና ግቢው በዩኔስኮ የተመዘገበበት 1979 በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ተራኪው «በ1979 ዓ.ም.» ካለ ሰባት ስምንት ዓመት ተዛባ ማለት ነው።

ጠያቂ
ሸማኔው ተስማምቶናል! ዕቅዱ ምን ይምሰል?

ማራኪ
ገጹን ለሁለት ክፈሉት፤ በግራ የሚታየው፣ በቀኝ የሚሰማው። ለአንድ ምስል በአማካይ 5 ሰከንድ ብትሰጡ 60 ምስል ያስፈልጋችኋል። እያንዳንዱን ቢያንስ 10 ሰከንድ ቅረጹ፤ ሦስት ሰከንድ ቀርጾ የሚያቆም ሰው ኤዲት ላይ መቁረጫ ቦታ ያጣል። ከ60ው ግማሹ የቅርብ ይሁን፦ መወርወሪያው ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ፣ እግር መርገጫውን ሲረግጥ፣ ጥለቱ ሲገባ፣ ማጉ ሲጠነጠን። ትረካውን ጮክ ብላችሁ በሰዓት አንብቡት። ከሁለት ደቂቃ ካለፈ ሬዲዮ እየሠራችሁ ነው።

ከቀረጻው በፊት አንድ ቀን ያለ ስልክ ሄዳችሁ ተቀመጡ፤ መብራቱ ከየት እንደሚገባ፣ ድሩ መቼ እንደሚዘረጋ ጠይቁ። ማኅተም ያለበት የትምህርት ቤት ደብዳቤም ያዙ።

ድምፅ
ነጥብ የምታጡት ድምፅ ላይ ነው። ሸማኔ እየሠራ ቃለ መጠይቅ አታድርጉ፤ የእንጨቱ ምት ከንግግሩ ጋር ከተቀላቀለ ኤዲት ላይ አይለይም። ሥራው ቆሞ ይናገር፤ የሥራውን ድምፅ ለብቻው ከቅርብ ሁለት ደቂቃ ቅዱ፤ ሰው ሁሉ ዝም ብሎ የክፍሉን ጸጥታም 30 ሰከንድ ቅዱ። ይህችን የመጨረሻዋን ሁሉም ይረሳል፤ ቃል ስትቆርጡ ክፍተቱን የምትሞላው እሷ ናት።

ማይክ ከሌላችሁ ሁለተኛው ስልክ መቅጃ ይሁን፤ ከአፍ 20–30 ሳንቲ ሜትር፣ ምስሉ ውስጥ ሳይታይ። ኪስ ውስጥ አታስገቡት፣ ጨርቅ ይፈጭበታል። ሁለቱንም የበረራ ሁነታ ላይ አድርጉ፤ ጥሪ ከገባ ቀረጻው ሊቋረጥ ይችላል። ሲጀመር አንዴ አጨብጭቡ፤ ምስሉንና ድምፁን የምታገጣጥሙት በጭብጨባው ነው።

ካሜራ
ሰውየውን በር ጀርባው አድርጋችሁ አታስቀምጡ፤ ፊቱ ይጠቁራል። ብርሃኑ ከጎን ይምጣ። ስክሪኑን ጫን አድርጋችሁ ፎከሱንና ብርሃኑን ቆልፉ፣ አለዚያ እጁ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ምስሉ ይደምቃል ይደበዝዛል። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ስልኩ በሰከንድ 30 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ሲቀርጽ አንዳንድ አምፖል ሥር ጥቁር መስመር ይመላለሳል። 25 ፍሬም፣ ሻተሩን (አንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ) 1/50 ሰከንድ አድርጉት።

ማራኪ
ስልካቸው 25 ባይኖረውስ? ቀላሉ አምፖሉን አጥፍቶ በመስኮት ብርሃን መቅረጽ ነው።

ካሜራ
ልክ ነው፣ ግን ጠዋት ከ3 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ይሁን፤ ጨለም ሲል ስልኩ ምስሉን አሸዋ ያስመስለዋል።

ጠያቂ
ሸማኔው ፊቴ አይታይ ቢሉስ? ኤዲቱንስ በምን?

ካሜራ
ፊልሙ አይጎዳም። እጅ፣ እግር፣ ጥላ፣ ከጀርባ፤ ድምፃቸው ይተርካል። ግን ድምፃቸውንም ስለመጠቀም ፈቃድ ጠይቁ።

ቆራጭ
ከኤዲት ፕሮግራሞች ለዚያ ላፕቶፕ ካፕካት ይበቃል፣ ዳቪንቺ ይከብደዋል። የስልክ ቪዲዮ የፍሬም ፍጥነቱ ስለሚዋዥቅ ለብቻው የተቀዳው ድምፅ ቀስ በቀስ ከከንፈር ይለያል፤ አስቀድማችሁ ሃንድብሬክ በሚባለው ቪዲዮ መቀየሪያ ፕሮግራም ወደ ቋሚ ፍጥነት ቀይሩት። የአማርኛ ጽሑፍ አራት ማዕዘን ሳጥን ሆኖ ከመጣ ፎንቱ የግዕዝ ፊደል የለውም፤ ኖቶ ኢትዮፒክ የሚባለውን ፎንት ጫኑ። ሲያልቅ በኤምፒ4 ፋይል፣ በ1080 ጥራት፣ በሰከንድ 10 ሜጋቢት አውጡ፤ አምስት ደቂቃው 375 ሜጋባይት ገደማ ይመጣል። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል የማውጣቱን ሥራ ለማስረከቢያው ዋዜማ ማታ አታቆዩት፤ ሁለት ፍላሽ ላይም አስቀምጡ።

ማራኪ
ለግምገማው 10 ነጥብ «ጥሩ ነበር» አይበቃም። ከዕቅዱ የቀየራችሁትን ሦስት ነገር ከነምክንያቱ ጻፉ፤ ለዚህ በየቀረጻው ቀን ሁለት መስመር ማስታወሻ ያዙ፣ በሦስተኛው ሳምንት ማንም አያስታውሰውም።