የማይንክራፍት ሰርቨራችንን የት ላስቀምጠው?

ስምንት ጓደኛሞች ማይንክራፍት ጃቫ እንጫወታለን። ሰርቨሩ ያለው ቤቴ፣ ባለ 8 ጊጋባይት ራም ላፕቶፕ ላይ ነው። በቤት ዋይፋይ ስገባ ምንም ችግር የለም። ከውጭ ግን ማንም መግባት አልቻለም።

ራውተሩ ላይ ጨዋታው የሚገባበትን ፖርት 25565ን ከፈትኩ። ፋየርዎሉም እንዲያሳልፍ አደረግኩ። ወይ ፍንክች! በኋላ ሳየው የራውተሩ የውጭ አድራሻ በ100.72 ይጀምራል። ለካ አንዱን የኢንተርኔት አድራሻ ከሌሎች ደንበኞች ጋር እየተጋራሁ ነው፤ ፖርት መክፈቱ ብቻውን አይጠቅመኝም።

ቪፒኤስ (ኢንተርኔት ላይ ያለ የኪራይ ሰርቨር) ልከራይ ነበር። ነገር ግን ጨዋታው በሰከንድ 20 ጊዜ ዓለሙን ማስላት አለበት፤ አብዛኛው ሥራ ደግሞ አንድ የፕሮሰሰር ኮር ላይ ነው የሚወድቀው። ርካሹ እንዳይቆራረጥብን ፈራሁ። የሁለት ዓመት ግንባታችን ያለበት ዓለም ስለሆነ በጣም እሳሳለታለሁ።

ጨዋታውን እንዳለ ወደ ቪፒኤስ ላዛውረው ወይስ ላፕቶፑን እዚሁ ትቼ በትንሽ ቪፒኤስና በዋየርጋርድ (ላፕቶፑን ከቪፒኤሱ ጋር በሚያገናኝ ቪፒኤን) በኩል ላሳልፈው?