እናቴ በስብሰባ መካከል ደወለችልኝ

ጠያቂ፦ ባሕር ዳር በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ባለፈው ሰኞ የሩብ ዓመቱን ሪፖርት ሳቀርብ፣ ስልኬ በብሉቱዝ ከአዳራሹ ድምፅ ማጉያ ጋር መገናኘቱን ዘንግቼ ኖሮ፣ የእናቴን ጥሪ ልዘጋ ብዬ ስነካው ተነሣ። «ልጄ፣ ምሳህን በላህ? አዋዜ እንዳትነካ፣ ጨጓራህን ይልጠዋል!» የሚለው ድምፅዋ አዳራሹን ሞላው። ኃላፊያችን እንባቸው እስኪፈስ ከሳቁ በኋላ «በል መልስላቸው እንጂ» አሉኝ። እኔ ግን ዘጋሁባት፤ ማታም አልደወልኩላትም። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?

የጣና ዳር፦ ይህማ ቀላል ነው። የእኔ እናት ከዘጌ በጀልባ በሚመጣ ሰው ሁሉ ቡና ትልክልኛለች፤ ያ በጫካ ጥላ ሥር የሚበቅለውን ማለቴ ነው። አንድ ቀን መልእክተኛው ፌስታሉን ለጥበቃው «ለቀጭኑ ልጅ ስጥልኝ» ብሎ አስረከበው። ዛሬ 90 ኪሎ ብመዝንም በመሥሪያ ቤቱ ስሜ «ቀጭኑ» ሆኖ ቀርቷል።

ታዛቢ፦ ብሉቱዙን ማጥፋት ነበረብህ።

ባለ መስኮቷ፦ አባቴ በየቀኑ 6 ሰዓት ላይ እየደወሉ «ዛሬ ጣና ማዕበል አለው?» ይሉኝ ነበር። የቢሮዬ መስኮት የሚያሳየው የጎረቤትን ግንብ ብቻ ስለሆነ፣ ሳላይ «ጸጥ ብሏል» እላቸው ነበር። ካረፉ 2 ዓመት ሆናቸው፤ 6 ሰዓት ሲሆን ግን ዛሬም ስልኬን አያለሁ።

ጠያቂ፦ አሁን ደወልኩላት። ገና ስታነሣው በሹክሹክታ «ሰዎቹ ይሰሙናል?» አለችኝ።