ለቡና መቁያ ምረቃ ምን ዓይነት የጥሪ ካርድ ላሳትም?

ጠያቂ (ቡና ቆይዋ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ገርጂ አካባቢ ትንሽ የቡና መቁያ ልከፍት ነው። ቅዳሜ ኅዳር 20 ቀን 2018 ምረቃና ቅምሻ አስቤያለሁ። የምጠራው 120 ሰው ነው። የካፌ ባለቤቶች፣ የሆቴል ግዢ ሠራተኞች፣ ጥቂት ቡና ላኪዎች። ቴሌግራም ላይ ብቻ ብልክላቸው "እሺ" ብለው ይረሱታል። ጓደኛዬ ሱቅ ስትከፍት አይቻለሁ፤ እመጣለሁ ያለው ብዙ፣ የመጣው ዘመድ ብቻ። ስለዚህ በወረቀት ላሳትም አልኩ። ግን የሠርግ ጥሪ እንዲመስል አልፈልግም። የተቆላ ቡና ካርዱ ላይ ላጣብቅ ሞክሬ ነበር፤ በማግስቱ ወረቀቱ ቅባት ጠጥቶ ጠበቀኝ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

የማተሚያ ቤት ልጅ፦
እህቴ፣ የተቆላ ቡና ዘይት ያወጣል፤ ያየሽው እሱን ነው። ጥሬውን ተጠቀሚ። እሱንም አታጣብቂው፣ ሲደራረብ ይላቀቃል። ትንንሽ የጆንያ ከረጢት አሰፊ፣ አንድ እፍኝ ጥሬ ቡና ጨምሪበት፣ ካርዱን አፉ ላይ እሰሪው። ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ማን ሳይነካው ያልፋል?

ኅትመቱን በተመለከተ፣ 120 ፍሬ ለኦፍሴት፣ ማለትም ፕሌት በሚባል የማተሚያ ሰሌዳ ለሚሠራ የብዛት ኅትመት፣ አይሆንም። የፕሌቱ ወጪ ለ120ም ለ5,000ም ያው ነው። ያለ ፕሌት፣ ከኮምፒውተር በቀጥታ የሚታተመው ዲጂታል ይበቃሻል። ወረቀቱ በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝን ይሁን። የሚታጠፍ ከሆነ መጀመሪያ የማጠፊያ መስመር በማሽን ይመታበት፤ አለዚያ እጥፋቱ ላይ ቀለሙ ይሰነጠቃል። በአራቱም ጎን የጀርባውን ቀለም ከመቁረጫው መስመር 3 ሚሊ ሜትር አሳልፊው፤ አለዚያ መቁረጫው ትንሽ ከሳተ ነጭ ጠርዝ ይወጣል። ቡናማ ክራፍት ወረቀት ለቡና ያምራል፣ ግን የተለመደው ማሽን ነጭ ቀለም የለውም። ነጭ ጽሑፍ ያለው ዲዛይን እንዳታመጪብን።

ደግሞ ፊደሉን ወደ ከርቭ፣ ማለትም ፎንት ወደማይፈልግ የሥዕል ቅርጽ፣ ቀይረሽ ላኪ! ይህን የማይረሳ ደንበኛ የለም። የእኛ ኮምፒውተር ፎንትሽ ከሌለው "እንኳን ደህና መጡ" የሚለው የሳጥን ሰልፍ ሆኖ ይወጣል።

እናት ጓዳ፦
ልጄ፣ ቅምሻው ላይ ማኪያቶ አለ? የነቢያት ጾም እኮ ኅዳር 15 ይገባል። አንቺ የጠራሽው ኅዳር 20 ነው። ሁሉም አይጾመውም ትይኝ ይሆናል። የሚጾመው ግን መጥቶ ወተቱን እያየ ይቀመጣል፤ አንቺም ታፍሪያለሽ።

ካርዱን ደግሞ ሲዘረጋ ሦስት ገጽ አድርጊው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ። አቦል ላይ ማን እንደሆንሽ፣ ቶና ላይ ቀኑንና ቦታውን። በረካው ተቀድዶ የሚወጣ ይሁንና "ለሚወዱት ሰው ይስጡልን" በዪበት። አንዱ ሌላውን ይዞልሽ ይመጣል።

ቡና ቆይዋ፦
እትዬ፣ ወይኔ ጉዴ! ጾሙን ጨርሶ አላሰብኩትም። ወደ ቅዳሜ ኅዳር 13 አምጥቼዋለሁ። ዋዜማው ሚካኤል ነው፣ ኅዳር ሲታጠን ጭሱ ቢያድርም የእኛ መቁያም ያው ጭስ ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካውን ወስጄዋለሁ። በረካዎቹ ላይ ከ1 እስከ 120 ቁጥር ላስመታ ነው፣ ማን በማን በኩል እንደመጣ አውቃለሁ።

ላኪው፦
የውጭ ገዢዎችም ይመጣሉ አይደል? እንግዲያው ሰዓቱን ተጠንቀቂ። "9 ሰዓት" ብለሽ ብቻ ከጻፍሽ አንዱ በጠዋት ይመጣና ዘበኛውን ያነጋግራል። በአማርኛው በኩል "ከቀኑ 9 ሰዓት"፣ በእንግሊዝኛው በኩል ከሰዓት በኋላ 3 ሰዓት ብለሽ ጻፊ። ቀኑንም እንዲሁ፤ ኅዳር 13 ቀን 2018 ማለት ኖቬምበር 22 ቀን 2025 ነው። የካርታውን ኪውአር ኮድ ከ2 ሳንቲ ሜትር በታች አታድርጊው፣ በቡናማው ወረቀት ላይ ደግሞ ጥቁር ይሁን። ከኮዱ ጎን ግን "ከእገሌ ሕንጻ ጀርባ" የሚለውን አትተዪ፤ ሁሉም ሰው ካርታ አይከፍትም።

ድሮ ሽያጭ ላይ የነበረ፦
ሞተረኛው ለጥበቃ ሰጥቶ ከሄደ ካርዱ እዚያው ጥበቃ ቤት ይቀራል፤ ቡናውም ይጠጣል። ለዋና ዋናዎቹ 30 ሰዎች ራስሽ አድርሺ። ስማቸውን በእጅ ጻፊ፣ ከመጻፍሽ በፊት ግን ስልክ መትተሽ ጠይቂ። ኃይሉን "ሀይሉ" ብለሽ ብትጽፊ ለአንዳንዱ ሰው ትልቅ ነገር ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት ይድረስ፣ ሁለት ቀን ሲቀር ደውዪ።

ቡና ቆይዋ፦
ናሙናው ዛሬ ወጣ። ከረጢቱ አምሯል፣ ፊደሉም ደህና ነው። ግን ካርዱ ሲታጠፍ በረካው ገጽ መሃል ላይ ይጎብጣል፣ አይተኛም። ወረቀቱ ከብዶ ነው እንዴ?

የማተሚያ ቤት ልጅ፦
ወረቀቱ አይደለም። ሦስቱንም ገጾች እኩል አድርገሻቸዋል። ወደ ውስጥ የሚገባው ገጽ ከሁለቱ በ2 ሚሊ ሜትር ይጥበብ። የቁጥሮቹንም ቦታ አብረሽ አስተካክዪና ነገ እስከ 4 ሰዓት ላኪልን፤ ከዚያ በኋላ ማሽኑ የሰርግ ሥራ ላይ ነው።