የቸኮሌት ሲስቱ ተመልሶ መጥቷል፤ ሁለተኛ ላፓራስኮፒ ወይስ አይ ቪ ኤፍ?

ጠያቂ (ቱሉ ዲምቱ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ስለ እህቴ ነው። ዕድሜዋ 34፣ ኢንዶሜትሪዮሲስ (የማህፀን ውስጠኛ ሽፋን የሚመስል ሥጋ ከማህፀን ውጭ የሚያድግበት በሽታ) አለባት፣ ገና አልወለደችም። ከሦስት ዓመት በፊት ከግራ ኦቫሪዋ (እንቁላል ከሚመረትበት አካል) የቸኮሌት ሲስት፣ ማለትም በሽታው የፈጠረው አሮጌ ደም የሞላ ከረጢት፣ በላፓራስኮፒ (በትንንሽ ቀዳዳ በካሜራ በሚደረግ ቀዶ ጥገና) ወጥቶላት ነበር፤ አሁን እዚያው ቦታ 4 ሳ.ሜ. ሆኖ ተመልሷል። ኤ ኤም ኤች (የቀረውን የእንቁላል ክምችት የሚገምት የደም ምርመራ) 0.9 ነው። ሕመሙን በአይቡፕሮፌን ትችለዋለች። ሐኪሟ «ድጋሚ እናጽዳውና ሞክሪ» ብሏታል። እሱ ይሻላል ወይስ በቀጥታ አይ ቪ ኤፍ (እንቁላልና ዘር ላብራቶሪ ውስጥ ተዋህዶ ፅንሱ ማህፀን ውስጥ የሚቀመጥበት ሕክምና)? ምን ትመክራላችሁ?

የማህፀን ሐኪም ከገላን፦ ለመውለድ ብቻ ከሆነ በዚህ ዝቅተኛ ኤ ኤም ኤች ሁለተኛ ቀዶ ጥገና አልመክርም። ሲስቱ ሲላጥ ጤነኛ የኦቫሪ ሥጋ አብሮ ይነሳል፤ ደሙን ለማቆም ሲተኮስ ደግሞ የተረፈው እንቁላል ይጎዳል። የቀድሞው ጠባሳ ስላለ በሁለተኛው ጊዜ ሲስቱን ከሥጋው መለየት የባሰ ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የአውሮፓ የሥነ ተዋልዶ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያም ከአይ ቪ ኤፍ በፊት እንዲህ ያለ ሲስት ሁሉ ይውጣ አይልም፤ የመውለድ ዕድልን ስለማይጨምር። በመርፌ መጥጦ መተውም አያዋጣም፣ መልሶ ይሞላል።

ቀዶ ጥገናው ትርጉም የሚኖረው ሕመሙ በመድኃኒት አልመለስ ሲል፣ አልትራሳውንዱ ሲስቱ ውስጥ ደም የሚዘዋወርበት ጠጣር ነገር ሲያሳይ፣ ሲስቱ የእንቁላል መቅጃ መርፌውን መንገድ ሲዘጋ፣ ወይም የማህፀን ቱቦው (እንቁላሉ ወደ ማህፀን የሚያልፍበት) ውሃ ቋጥሮ ሲያብጥ ነው። ያበጠ ቱቦ ፈሳሹ ወደ ማህፀን እየወረደ ፅንሱ እንዳይጣበቅ ስለሚያደርግ ከአይ ቪ ኤፍ በፊት ይወጣል ወይም ይዘጋል።

ደግሞ 0.9 ማለት «አትወልድም» ማለት አይደለም። ኦቫሪዋ ብዙ እንቁላል እንዲያሳድግ በመርፌ ሲነቃቃ የሚገኘው እንቁላል ጥቂት ሊሆን እንደሚችል ነው የሚናገረው። የወሊድ መከላከያ እየወሰደች ተመርምራ ከሆነ ቁጥሩ ከእውነቱ ዝቅ ብሎ ሊወጣ ይችላል።

ሚድዋይፍ፦ ባልየውስ ተመርምሯል? ብዙ ጊዜ የሚረሳው እሱ ነው። የዘር ፈሳሹ ከ2 እስከ 7 ቀን ታቅቦ እዚያው ላብራቶሪ ይሰጣል፤ ከቱሉ ዲምቱ በታክሲ ይዞ መምጣት ውጤቱን ሊያበላሽ ይችላል።

የመጀመሪያውን ቀዶ ጥገና ሪፖርት ኮፒም አውጡ። «ሲስት ወጥቷል» የሚል አንድ መስመር አይበቃም፤ ሁለቱ ቱቦዎች እንዴት እንደነበሩ፣ ቱቦዎቹ ክፍት መሆናቸውን ለማየት የሚገፋው ሰማያዊ ቀለም ማለፍ አለማለፉ ይፈለጋል። ከዚህ ሪፖርት፣ ከዕድሜዋና ስንት ዓመት ከመሞከሯ ኢ ኤፍ አይ የሚባል፣ ያለ አይ ቪ ኤፍ የማርገዝ ዕድሏን የሚገምት ከ0 እስከ 10 የሆነ ነጥብ ይሰላል። ነጥቡ ከፍ ካለ፣ ያለ አይ ቪ ኤፍ ለተወሰኑ ወራት መሞከር ያዋጣል።

አይቡፕሮፌኑን በወር አበባ ቀናት ብቻ ትውሰድ። በዑደቱ አጋማሽ ከተወሰደ የእንቁላሉን መለቀቅ ሊያዘገይ ይችላል።

ጠያቂ፦ ባሏ አልተመረመረም። ሪፖርቱ «ቀኝ ክፍት፣ በግራ ቀለም አላለፈም» ይላል። ሐኪሟ ከቀዶ ጥገናው በኋላ በሽታውን ለማድረቅ የ3 ወር የሆርሞን መርፌም አስቦላታል።

የማህፀን ሐኪም ከገላን፦ መርፌው እንቁላል መልቀቅን ያቆማል፤ በራሷ ለማርገዝ ለምትሞክር ሴት ጊዜ ከመብላት ሌላ ጥቅም የለውም። ዲኖጀስት የሚባለው የኢንዶሜትሪዮሲስ የሆርሞን ኪኒንም ያው ነው። አሁን የሚያስፈልጋት በብልት በኩል የሚደረግ አልትራሳውንድ ነው፤ ግራው ቱቦ አብጦ እንደሆነ ይታይ። ካበጠ ቱቦው ብቻ ይታከም፣ ሲስቱን መንካት ግድ አይደለም።

ሌላ አባል (ኮዬ ፈጬ)፦ አይ ቪ ኤፍ ከወሰናችሁ ቅዱስ ጳውሎስ የመንግሥት ማዕከል አለው፤ ወረፋውንና ሪፈሩን ቀድማችሁ ጠይቁ። ማነቃቂያው ከ10 እስከ 12 ቀን ያህል ይወስዳል፣ በየ2 ወይም 3 ቀኑ አልትራሳውንድ አለ። በቃሊቲ መንገድ መጨናነቅ ከዚህ እየተመላለሱ ማድረስ ስለሚያደክም ለእነዚያ ቀናት ከተማ ውስጥ ዘመድ ጋ ማረፍ ይሻላል።

ብዙዎቹ የማነቃቂያ መርፌዎች ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣሉ። መብራት ሲጠፋ በረዶ ያለበት ሳጥን ውስጥ አድርጉት፣ ግን በፎጣ ጠቅልላችሁ፤ በረዶው ነክቶት መድኃኒቱ ራሱ በረዶ ከሆነ ተበላሽቷል። የመጨረሻው ማስለቀቂያ መርፌ ደግሞ በሰዓቱ ነው፤ እንቁላሉ የሚቀዳው ከሱ በኋላ ወደ 36 ሰዓት ገደማ ተቆጥሮ ነው። ወረቀቱ ላይ 10 ሰዓት ካለ በፈረንጅ ነው በሐበሻ ብላችሁ ነርሷን አስጽፏት። በፈረንጅ ከምሽቱ 10 ማለት በእኛ ማታ 4 ሰዓት ነው፤ ከተምታታ ዙሩ ሁሉ ሊበላሽ ይችላል።