የሕይወቴን ዓላማ ሳላውቅ በሰላም መኖር ይቻለኛል?

የቦርከና ልጅ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ዕድሜዬ ሠላሳ ስድስት ነው፤ ኮምቦልቻ ውስጥ በሒሳብ ሠራተኝነት እተዳደራለሁ። ባለፈው ወር በመሥሪያ ቤታችን በተሰጠ ሥልጠና ላይ አሠልጣኙ ለእያንዳንዳችን ነጭ ወረቀት አድሎ «የተፈጠርኩበት ዓላማ» ብሎ የሚጀምር ዐረፍተ ነገር እንድንጨርስ ጠየቀን። ባልደረቦቼ ሁሉ ሲጽፉ እኔ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ወረቀቱን ይዤ ተቀመጥኩና በመጨረሻ ባዶውን መለስኩት። አሠልጣኙም በሰው ፊት «ዓላማ የሌለው ሰው በቁሙ የሞተ ነው» አለኝ። ይህ ንግግር እስከ ዛሬ ከውስጤ አልወጣም።

ነገሩ ግን ቀደም ብሎ የጀመረ ይመስለኛል። በ2014 ጦርነቱ ሲደርስብን ከደሴ የወጣሁት አንድ ፌስታል ልብስ ብቻ ይዤ ሲሆን፣ የዐሥር ዓመት ዕቅዴን የጻፍኩበት ደብተር እቤት ቀረ። ስንመለስ ደብተሩን እንደነበረ አገኘሁት፤ ሳነበው ግን የማላውቀው ሰው የጻፈው መሰለኝ። ደግሞም የአባቴ ወገኖች ሙስሊም፣ የእናቴ ወገኖች ክርስቲያን ናቸው፤ እዚህ ይህን የሚጠይቀኝ የለም። አዲስ አበባ በተማርኩባቸው ዓመታት ግን «አንቺ በትክክል ምንድን ነሽ?» ይሉኝ ነበር። «ወሎዬ ነኝ» ብዬ ስመልስም «እሱማ አገርሽ ነው፤ እኛ የጠየቅነው ማንነትሽን ነው» የሚል ሌላ ጥያቄ ይከተላል።

አሁን ዓላማዬን መፈለግም፣ ማንነቴን በአንድ ቃል መናገርም፣ ስለ ነገ እርግጠኛ መሆንም አድክሞኛል። ሁሉንም ልተወው ስል ቅልል ይለኛል፤ ወዲያውም ስንፍና ይሆን ብዬ እፈራለሁ። እናንተ ምን ትላላችሁ?

መምህር ከወረኢሉ

እኅታችን፣ ታሪክ አስተማሪ ስለሆንኩ ከማውቀው ልነሳ። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ከደሴ እምብዛም በማይርቀው በቦሩ ሜዳ ጉባኤ አድርገው በቤተ ክርስቲያን ውስጥ የነበረውን የሃይማኖት ክርክር በአንድ ውሳኔ ዘጉት፤ የወሎ ሙስሊሞችም ክርስትና እንዲነሡ ታዘዙ። መሐመድ ዓሊ የተባሉት የወሎ ባላባት ያን ጊዜ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ በኋላም ንጉሥ ሚካኤል ለመሆን በቁ። እንደ ሼህ ጦልሓ ያሉት ደግሞ ትእዛዙን አንቀበልም ብለው ተነሡ። ብዙው ሰው ግን ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት ሙስሊም ሆኖ ኖረ ይባላል። ስሙን ለባለሥልጣን ሰጥቶ ኑሮውን ለራሱ አስቀረ ማለት ነው።

የንጉሥ ሚካኤል ልጅ የሆኑት ልጅ ኢያሱም መስጊድ ቢገቡ፣ ከሙስሊሞች ጋር ቢወዳጁ፣ «ከሁለት አንዱን ይሁኑልን» ያሉ መኳንንት ሰልመዋል የሚል ክስ አቅርበው መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን አወረዷቸው። በእርግጥ በዚያ ውድቀት ውስጥ የሥልጣን ሽኩቻም የውጭ መንግሥታትም እጅ ነበረበት። ሆኖም ክሱ ሰሚ ያገኘው ሰው በአንድ ስም መጠራት አለበት የሚለው ስሜት ብርቱ ስለነበረ ይመስለኛል። ይህን የምጽፈው አንቺ የምትጠየቂው ጥያቄ ካንቺ ጉድለት የመጣ አለመሆኑን እንድታውቂው ነው። ጥያቄው ቢያንስ የአያቶችሽን ያህል ዕድሜ አለው፤ አያቶችሽም ቁርጥ ያለ መልስ ሳይሰጡበት ተጋብተው፣ ወልደው፣ በፋሲካና በዒድ እየተጠራሩ ኖረዋል።

የሁለት ልጆች አባት

ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ አልስማማም። ዓላማን መተው ላላገባ ሰው ይቻል ይሆናል፤ የልጅ የትምህርት ቤት ክፍያና የቤት ኪራይ ያለበት ሰው ግን ማለዳ የሚነሣበትን ምክንያት ማወቅ አለበት። አሠልጣኙ በሰው ፊት ማሳፈሩ ነውር ነው፤ ሐሳቡ ግን ስሕተት አይደለም።

ደረሳ የነበርኩ

ወንድሜ፣ ያልከው ኃላፊነት ነው። ኃላፊነትን የምናውቀው ፊታችን ስላለ ነው፤ እኅታችን የተጠየቀችው ግን የመላ ሕይወቷን ትርጉም በአንድ ዐረፍተ ነገር እንድታስቀምጥ ነው።

ታላቁን የእስልምና ሊቅ ኢማም ገዛሊን የማያውቅ ደረሳ፣ ማለት የእስልምና ትምህርት ተማሪ፣ የለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1095 በባግዳድ ታላቅ መድረሳ በክብር እያስተማሩ ሳለ ምላሳቸው ታስሮ ማስተማር አቃታቸው፤ ምግብ አልወርድ አላቸው፤ ሐኪሞችም ሕመሙ የልብ ነው ብለው ተስፋ ቆረጡ። ከዚያ ቦታቸውን ትተው ወደ ደማስቆና ወደ ኢየሩሳሌም ሄዱ፤ ወደ ማስተማር የተመለሱትም ከዐሥር ዓመት በላይ ቆይተው ነው። በወጣትነታቸውም ዓይናቸው የሚያየውን፣ አእምሯቸው የሚያረጋግጠውን ሁሉ ተጠራጥረው ነበር፤ ከዚያ ጥርጣሬ የወጡት በክርክር ሳይሆን አላህ በልባቸው በጣለው ብርሃን እንደሆነ ራሳቸው ጽፈዋል። እርሳቸውን የሚያህል ሊቅ እርግጠኝነትን በእጁ ጨብጦ ማቆየት ካልቻለ፣ አንቺ በግማሽ ሰዓት ባለመቻልሽ ማፈርሽ ያሳዝነኛል።

በእኛ አገር የታመመውንም ያዘነውንም «አብሽር» እንለዋለን። ቃሉ ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ የምሥራች ይድረስህ እንደማለት ነው። የሚባለው ግን ገና ምንም የምሥራች ሳይሰማ ነው፤ የሚለውም ሰው ነገ ምን እንደሚመጣ አያውቅም። አያቴ በወዳጃ፣ በጋራ ጸሎታችን ላይ፣ ዱዓ አድርጋ ስትጨርስ ለሁላችንም ትለው ነበር። አብሽሪ፣ እኅቴ።

የጤና ባለሙያ

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ፍለጋውን ሲተዉት የሚቀልልዎ ከሆነ መልካም ነው። ነገር ግን ከዚህ ቀደም ያስደስትዎ የነበረ ነገር ሁሉ ጣዕሙን ካጣ፣ እንቅልፍና ምግብም እምቢ ካለዎትና ይህ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ ምናልባት የድብርት ሕመም ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ያማክሩ። በተለይ ጦርነት ላለፈበት ሰው ይህን ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም።

የለጋምቦ ገበሬ ልጅ

እኔ ስለ አባቴ ልጻፍ፤ እርሱ ስለ ዓላማ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ለጋምቦ ደጋ ነው፤ የምንኖረው በበልግ ገብስ ነው። የበልግ ዝናብ ከየካቲት እስከ ግንቦት ይጠበቃል፤ አንዳንድ ዓመት ግን የካቲት ላይ ጀምሮ መጋቢት ላይ ይጠፋል፣ ሌላ ጊዜ ዘግይቶ ይመጣና አጨዳው ከክረምቱ ዝናብና ከበረዶ ጋር ይጋጠማል። ልጅ ሆኜ አባቴን «ዘንድሮ ይዘንባል?» ብዬ እጠይቀው ነበር፤ በሬዎቹን እየጠመደ «አላህ ያውቃል» ይለኛል። ያን ጊዜ መልሱ ያናድደኝ ነበር፤ የማያውቅ ከሆነ ለምን ይጠምዳል እል ነበር።

ኋላ ላይ ያስተዋልኩት አባቴ ዘሩን ሁሉ በአንድ ጊዜ እንደማይዘራ ነው። ከጎታው የተወሰነውን ያስቀራል፤ የመጀመሪያው ዘር በቅሎ ከደረቀ ሁለተኛ ይዘራል፣ ሁለተኛውም ከቀረ ማሳውን መልሶ አርሶ ክረምት ይጠብቃል፤ የበልግ ማሳ ስንለው የነበረው መሬት በዚያ ዓመት የመኸር ማሳ ይሆናል፤ መሬቱ ግን ያው ነው። ይዘንባል ብሎ እርግጠኛ የሆነ ገበሬ ጎታውን ያራግፋል፤ አይዘንብም ብሎ እርግጠኛ የሆነው ደግሞ አይጠምድም። አባቴን ያቆየው አለማወቁን አምኖ መቀበሉ ይመስለኛል። ሁለት ጊዜ ዘርቶ ሁለቱም የቀረበት ዓመት ነበር፤ ያን ዓመት በጎቻችንን ሸጥን፣ ታላቅ ወንድሜም ለቀን ሥራ ወደ ደሴ ወረደ። ስለዚህ አለማወቅ ቀላል ነው ልልሽ አልችልም።

የቦርከና ልጅ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መምህር፣ የጻፉትን ለእናቴ በስልክ አነበብኩላት፤ የእርሷም አያት ሁለት ስም እንደነበራቸው ዛሬ ገና ነገረችኝ፤ ሁለቱንም ጠየቅኋት፤ የምታስታውሰው ግን አንዱን ብቻ ነው። ለጤና ባለሙያው፦ እንቅልፌ ደህና ነው፤ ካልሆነ ግን እንዳሉት አደርጋለሁ። የልጆቹ አባት የተናገሩትንም አልጣልኩትም፤ ነገ ጠዋት የምነሣው የሠራተኞቹ ደመወዝ በሰዓቱ እንዲደርስ መዝገቡን ለመዝጋት ነው፤ ለነገ ይህ ይበቃኛል። የለጋምቦው ወንድሜ፣ የዘንድሮው በልግ እንዴት ነው? አባትህ ሁለተኛውን ዘር ዘሩ ወይስ የመጀመሪያው ያዘላቸው?