ኦቨርድራይቭ አልገባ ያለ አሮጌ አውቶማቲክ ካምቢዮ

ጠያቂ፦
ጤና ይስጥልኝ። በ1990ዎቹ መጨረሻ የተሠራች፣ ባለ 4 ማርሽ አውቶማቲክ ካምቢዮ ያላት የጃፓን መኪና አለችኝ። ከፒያሳ ሜክሲኮ ስመላለስ መጨናነቁ ፍጥነት ስለማያስጨምር እንከኗን ሳላውቅ ብዙ ወራት ቆይቻለሁ፤ ባለፈው ሳምንት ወደ አዳማ በፍጥነት መንገዱ ስጓዝ ግን በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ላይ የሞተሩ ዙር ከ3,500 አልወርድ አለ። የኦቨርድራይቩ (የሞተሩን ዙር የሚቀንሰው የአራተኛው ማርሽ) ቁልፍ እንደተጫነ ነው፤ በዳሽቦርዱ ላይም የሚበራ መብራት የለም። ያሳየሁት መካኒክ ካምቢዮው ወርዶ መከፈት አለበት ብሏል። ከዚያ በፊት ልፈትሸው የምችለው ነገር ይኖር ይሆን?

መልስ፦
ቁልፉን አንድ ጊዜ ተጭነው ይልቀቁት። የኦቨርድራይቭ መጥፋትን የሚያሳየው መብራት ካልበራ አምፖሉ ተቃጥሏል፣ ወይም በማርሽ ዘንጉ ውስጥ የሚያልፈው ሽቦ ተበጥሷል። የካምቢዮውን ዘይትም ሞተሩ ሞቆ እየሠራ ይመልከቱ፤ ጠቁሮ የተቃጠለ ሽታ ካለው መካኒክዎ ያሉት ትክክል ሊሆን ይችላል።

ጠያቂ፦
መብራቱ እንደሚገባው ይበራል፣ ይጠፋል፤ ዘይቱም ቀይ ነው። ይያያዝ አይያያዝ ባላውቅም፣ የሙቀት መለኪያው መርፌ ከታችኛው ሩብ ከፍ ብሎ አያውቅም።

ጡረታ የወጣ መካኒክ፦
ቁም ነገሩ ያለው በመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገርዎ ውስጥ ነው። በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዙ የዚያ ዘመን ካምቢዮዎች የሞተሩ ውሃ በበቂ ሁኔታ እስኪሞቅ ድረስ አራተኛውን ማርሽ ሆን ብለው ይከለክላሉ፤ ስለዚህ ሞተሩ ሁልጊዜ ቀዝቃዛ ከሆነ፣ ወይም የውሃ ሙቀት ሴንሰሩ ቀዝቃዛ ነው ብሎ ከዋሸ፣ ጤነኛ ካምቢዮ እንኳ በሦስተኛ ማርሽ ይቀራል። መኪናዎ ከዚህ ቀደም ውሃ አፍልታ ቴርሞስታቱ (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዳያልፍ የሚዘጋው ቫልቭ) ተነቅሎ ተጥሎ እንደሆነ ያጣሩ። ይህ በከተማችን የተለመደ ጥፋት ነው፤ በግሌም ቴርሞስታት መንቀል መፍትሔ ሳይሆን ችግሩን ወደ ሌላ ቦታ ማዛወር ነው እላለሁ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ተራ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ውሃውን ከመፍላት የሚጠብቀው የራዲያተሩ ክዳን የሚይዘው ግፊት በመሆኑ፣ መኪና የቸርችልን ዳገት ስትወጣ ካፈላች በቅድሚያ መጠርጠር ያለበት ያረጀ ክዳን ወይም የተደፈነ ራዲያተር ነበር።

ሞተሩ በደንብ ሞቆም አራተኛው እምቢ ካለ የተከማቸውን የብልሽት ኮድ ያስነብቡ። ቶዮታ ከሆነች ኮዱ በዚያው በኦቨርድራይቩ መብራት ብልጭታ ይቆጠራል፤ 62 እና 63 የማርሽ መቀየሪያ ሶሌኖይዶችን (በኤሌክትሪክ የሚከፈቱና የሚዘጉ የዘይት ቫልቮችን) ያመለክታሉ። እነርሱን ለመለወጥ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ካምቢዮውን ማውረድ አያስፈልግም፤ የታችኛውን የዘይት ሳህን መፍታት ይበቃል።

ጠያቂ፦
እጅግ አመሰግናለሁ። እንዳሉት የቴርሞስታቱ ቤት ባዶ ሆኖ ተገኘ፤ ለካስ ዓምና ዳገት ላይ አፍልታ ስትቆም ያነሣት ጋራዥ ሳይነግረኝ አውጥቶት ኖሯል። ከሶማሌ ተራ በ82 ዲግሪ የሚከፈት ቴርሞስታት ገዝቼ ከአዲስ የራዲያተር ክዳን ጋር አስገጠምኩ። ትናንት ማለዳ በቀለበት መንገድ ላይ መርፌው መሐል ከደረሰ በኋላ፣ በ70 ኪሎ ሜትር ነዳጁን ላላ ሳደርግ ዙሩ ከ2,000 በታች ወረደ።